ቫልቭ በቫልቭ ውስጥ፦ በካቴተር የተተከለ የልብ ቫልቭ ቦታውን ሲስት ምን ይደረጋል?

እአአ ኤፕሪል 16 ቀን 2002 በፈረንሳይዋ ሩዋን ከተማ አንድ የ57 ዓመት ጎልማሳ ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ደም ከልቡ ወደ መላ አካሉ የሚወጣበት በር በካልሲየም ደድሮ አልከፈት ብሏል። ልቡ እጅግ በመድከሙ ደረቱን ከፍቶ ቀዶ ሕክምና ማድረግ የማይታሰብ ነበር። ፕሮፌሰር አላን ክሪቢዬና ባልደረቦቻቸው በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገቡ። በዚያ ቱቦ አማካይነት፣ በብረት ፍርግርግ ላይ የተሰፋ ሰው ሠራሽ ቫልቭ እስከ ልቡ አድርሰው በፊኛ ነፍተው ተከሉለት።

የታማሚው ሁኔታ ወዲያውኑ ተሻሻለ። ከአራት ወራት ገደማ በኋላ ሕይወቱ ያለፈው ከቫልቩ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ፈጽሞ አይሆንም ይሉ ለነበሩ በርካታ የዘርፉ ሰዎች ግን መልሱ ተሰጥቷል፤ ደረት ሳይከፈት፣ ልብ ሳይቆም፣ የልብን ቫልቭ መተካት ይቻላል።

ዛሬ ይህ ሕክምና በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ተደርጓል። አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ለጥቂቶቹ ግን ነገሩ እንደታሰበው አይሆንም። ቫልቩ ራሱ ምንም እንከን የለበትም፤ የተተከለበት ቦታ ግን ትክክል አይደለም። ሐኪሞች እንዲህ ያለው ችግር ሲገጥማቸው ከሚወስዷቸው እርምጃዎች አንዱ፣ መጀመሪያ ሲሰማ ግራ የሚያጋባ ነው። የመጀመሪያውን ሳያወጡ ሌላ ቫልቭ በውስጡ ይተክላሉ።

በሩና መቃኑ

ከግራው የታችኛው የልብ ክፍል ተነስቶ ደም ለመላ አካል የሚያደርሰው ትልቁ ደም ቅዳ አኦርታ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው የአኦርታ ቫልቭ ሦስት ስስ ክዳኖች አሉት። ልብ ሲኮማተር ይከፈታሉ፤ ልብ ሲያርፍ ይዘጋሉ። ይህንን በቀን ወደ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ያደርጉታል።

ዕድሜ ሲገፋ በአንዳንድ ሰዎች ክዳኖቹ ላይ ካልሲየም ይከማቻል። ቀስ በቀስ ይደነድናሉ፤ ቀዳዳውም ይጠብባል። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረትን መጨምደድ፣ ራስን መሳት የተለመዱት ምልክቶች ናቸው። መጥበቡ ከፍተኛ ደረጃ ደርሶ እነዚህ ምልክቶች ከታዩ በኋላ ቫልቩ ካልተተካ፣ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሞታሉ። ሕመሙን የሚያቆም መድኃኒት የለም።

እአአ በ2010 ይፋ የሆነው ፓርትነር የተሰኘው ጥናት፣ ለቀዶ ሕክምና የማይበቁ ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ አነጻጽሮ ነበር። የተለመደው እንክብካቤ ብቻ ከተደረገላቸው መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ 50.7 በመቶ ሲሞቱ፣ በካቴተር ቫልቭ ከተተከለላቸው መካከል የሞቱት 30.7 በመቶ ነበሩ። ሕክምናው ከዚያ ወዲህ ከአቅመ ደካሞች አልፎ ጤናቸው ደህና ለሆነና በዕድሜም ወጣት ለሆኑ ሰዎች ሁሉ ተፈቅዷል።

በቀዶ ሕክምና ቫልቭ ሲተካ ሐኪሙ የታመመውን ቫልቭ ቆርጦ ያወጣና አዲሱን በዓይኑ እያየ፣ በክር እየሰፋ ያስቀምጠዋል። በካቴተር ሲሆን ግን አሮጌው ቫልቭ አይወጣም። አዲሱ የደደሩትን ክዳኖች ወደ ግድግዳ ገፍቶ በመካከላቸው ይዘረጋል። የሚይዘው ክር የለም። ባለበት የሚያቆየው የፍርግርጉ ግፊትና ያው ሕመሙን ያመጣው ካልሲየም ነው። አናጺ አዲስ በር ሲሠራ አሮጌውን መቃን ሳይነቅል እዚያው ላይ አጥብቆ እንደሚገጥመው ማለት ነው። መቃኑ ጠማማ ከሆነ ወይም በሩ ከልኩ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከተገጠመ፣ ነፋስ በዳር በዳሩ መግባቱ አይቀርም። በልብ ውስጥ በዳር የሚገባው ነፋስ ሳይሆን ደም ነው።

የጥቂት ሚሊሜትሮች ጉዳይ

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ቫልቮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት በፊኛ ተነፍቶ የሚሰፋ ሲሆን ክዳኖቹ ከከብት የልብ ሽፋን የተሠሩ ናቸው፤ ፍርግርጉ አጭር ነው። ሌላው ኒቲኖል ከሚባል ብረት የሚሠራ ነው። ይህ ብረት በበረዶ ውኃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይለዝባል፣ ተጨምድዶም ቱቦ ውስጥ ይገባል። የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ የቀድሞ ቅርጹን አስታውሶ በራሱ ይዘረጋል። ፍርግርጉ ረጅም ነው፣ እስከ 4.5 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ክዳኖቹ በአብዛኛው ከአሳማ የልብ ሽፋን የተሠሩ ናቸው።

ሁለቱም በታችኛው ጫፋቸው ዙሪያ ደም የማያሳልፍ ሽፋን አላቸው፤ ሐኪሞቹ ቀሚስ ይሉታል። ከቀሚሱ በላይ ያለው የፍርግርጉ ክፍል ክፍት ነው። ክፍት የሆነውም በምክንያት ነው፤ ልብን ራሱን የሚመግቡት የኮሮናሪ ደም ቅዳዎች ከዚያው ከቫልቩ በላይ ስለሚነሱ ደም በፍርግርጉ ቀዳዳዎች አልፎ ሊደርሳቸው ይገባል።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀሚሱ መቀመጥ ያለበት በትክክል በጠባቡ የቫልቭ ቀለበት ላይ ነው። በራሱ ለሚዘረጋው ቫልቭ የሚፈለገው ጥልቀት ከቀለበቱ በታች 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቫልቩ ከዚህ በጣም ወርዶ ወደ ልብ ውስጥ ከዘለቀ ቀሚሱ ከቀለበቱ በታች ይቀራል። በቀለበቱ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ክፍቱ የፍርግርጉ ክፍል ይሆናል። ልብ ባረፈ ቁጥር አሁን የተገፋው ደም በእነዚያ ቀዳዳዎች ሾልኮ፣ በፍርግርጉና በልብ ግድግዳ መካከል አልፎ፣ ወደመጣበት ይመለሳል። ክዳኖቹ ያለ እንከን ይዘጋሉ፤ ደሙ የሚያልፈው ግን በእነሱ በኩል አይደለም።

ዝቅ ብሎ የተተከለ ቫልቭ ሌላም ጣጣ አለው። የልብን ምት የሚያስተባብረው የኤሌክትሪክ መስመር ከቫልቩ ሥር፣ ጥቂት ሚሊሜትሮች ብቻ ርቆ ያልፋል። ፍርግርጉ ከተጫነው ምቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል፤ ታማሚውም ቋሚ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ፣ ፔስሜከር፣ ያስፈልገዋል። ቫልቩ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ከተተከለ ደግሞ ደም ከሥሩ ያፈሳል፣ የኮሮናሪ ደም ቅዳዎችን አፍ ሊጋርድ ይችላል፣ ሲከፋም ልብ በሚቀጥለው ምት ገፍቶ ወደ አኦርታ ሊያስፈነጥረው ይችላል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ሐኪሙ ግድየለሽ ሆኖ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እውነቱ ያ አይደለም። ልብ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ሐኪሙ የሚያየው በኤክስሬይ መስኮት ላይ ያለ ጠፍጣፋ ምስል ነው፤ የካሜራው ማዕዘን በጥቂቱ ከተሳሳተ ቫልቩ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይታያል። በፊኛ የሚነፋው ቫልቭ ሲተከል ልብ ቫልቩን ገፍቶ እንዳያስወጣው፣ ለጥቂት ሰከንዶች በደቂቃ ከ180 ጊዜ በላይ እንዲመታ በኤሌክትሪክ ይደረጋል። እንዲህ ሲፈጥን የሚገፋው ደም እጅግ ያንሳል። ያ ፍጥነት ለአንድ ምት እንኳ ከተቋረጠ ቫልቩ ሊንሸራተት ይችላል። ካልሲየሙ በአንድ ወገን ብቻ ተከምሮ ከሆነ፣ ታማሚው ከተፈጥሮው ሁለት ክዳን ብቻ ያለው ቫልቭ ይዞ የተወለደ ከሆነ፣ የቀለበቱ ስፋት በትክክል ሳይለካ ያነሰ ቁጥር ከተመረጠ፣ ችግሩ ይብሳል። ካልሲየም የሌለበት፣ የሚያፈስ ብቻ የሆነ ቫልቭ ደግሞ መያዣ ስለሌለው ከሁሉም አስቸጋሪው ነው።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ

ቫልቩ ቦታውን እንደሳተ የሚታወቅበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ገና ታማሚው ከጠረጴዛ ሳይወርድ ነው። ቀለም ወደ አኦርታ ይረጫል፤ ወደ ልብ ተመልሶ የሚፈስ ከሆነ በምስሉ ይታያል። የልብ አልትራሳውንድም ደሙ የሚሾልክበትን ትክክለኛ ቦታ ያሳያል። የደም ግፊት መስመሮቹ ደግሞ የማይዋሽ ምስክር ናቸው። በደህና ጊዜ ልብ ሲያርፍ የአኦርታ ግፊት ከልቡ ውስጥ ካለው ግፊት እጅግ ከፍ ብሎ ይቆያል። ብዙ ደም የሚፈስ ከሆነ ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ።

በራሱ የሚዘረጋው ቫልቭ አዳዲስ ሞዴሎች ሙሉ በሙሉ ከመለቀቃቸው በፊት ተመልሰው ወደ ቱቦው ሊገቡና እንደገና ሊሞከሩ ይችላሉ። በፊኛ የተነፋው ግን አንዴ ከተነፋ ወደኋላ የለም። ፍሳሹ የመጣው ቫልቩ በበቂ ሁኔታ ስላልሰፋ ከሆነ እንደገና በፊኛ መንፋት ብቻ ይበቃል። ጥልቅ ብሎ የተተከለውን በሽቦ ማነቆ ይዞ በጥቂቱ ወደ ላይ መጎተትም ይሞከራል፤ ሆኖም ይህ አኦርታን ሊጎዳ፣ ቫልቩንም ፈጽሞ ሊያወጣው ስለሚችል ብዙዎች በጥንቃቄ ያዩታል።

እነዚህ ካልሠሩ ሁለተኛ ቫልቭ ይገባል። የመጀመሪያው ጥልቅ ከሆነ ሁለተኛው ከእሱ ጥቂት ሚሊሜትሮች ከፍ ብሎ በውስጡ ይተከላል። የሁለተኛው ቀሚስ የመጀመሪያውን ክፍት ፍርግርግ ከውስጥ ይሸፍነዋል፤ የሾለከው ቀዳዳም ይደፈናል። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ከሆነ ሁለተኛው ዝቅ ይላል። በዘርፉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንድ ሐኪሞች ይህንን ዘዴ አንዷ በሌላዋ ሆድ ውስጥ ከምትቀመጠው የሩሲያ አሻንጉሊት ጋር አመሳስለውታል። እአአ በ2008 በታተመ ሪፖርት ደግሞ በካቴተር የተተከለ ቫልቭ ውስጥ ሌላ የተተከለለት የመጀመሪያው ታማሚ ለሦስት ዓመታት ሲከታተሉት እንደቆዩ ሐኪሞቹ ገልጸዋል።

ቫልቩ ተስፈንጥሮ አኦርታ ውስጥ ከገባ የሚደረገው ነገር ለብዙ አንባቢ ሊገርም ይችላል። አይወጣም። ሐኪሞቹ ቫልቩ ያለፈበትን ሽቦ ፈጽሞ አይስቡትም፤ ሽቦው ከወጣ ቫልቩ ተገልብጦ የደሙን መንገድ ሊዘጋ ይችላልና። በፊኛ ወይም በማነቆ እየመሩ፣ ለጭንቅላትና ለእጅ የሚሄዱ ደም ቅዳዎችን ወደማይጋርድበት ቦታ ወስደው እዚያው አስፍተው ይተዉታል። ከዚያ ሌላ ቫልቭ በትክክለኛው ቦታ ይተክላሉ። ታማሚው ከዚያ በኋላ አንዱ የሚሠራ፣ ሌላው ሥራ የፈታ፣ ሁለት ቫልቭ ይዞ ይኖራል። ቫልቩ ወደ ልብ ውስጥ ከወደቀ ግን ብዙውን ጊዜ ደረት መክፈት ግድ ይሆናል።

ለዚህም ነው የቀዶ ሕክምና ቡድን በአቅራቢያ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው። ይህ ጥንቃቄ ለይስሙላ እንዳልሆነ አንድ በሰፊው የሚታወቅ ምሳሌ አለ። ተዋናዩና የቀድሞው የካሊፎርኒያ ገዥ አርኖልድ ሽዋዚኒገር እአአ በ1997 የተተካለት ወደ ሳንባ የሚወስደው ቫልቭ በ2018 በካቴተር ሊቀየርለት ገብቶ ችግር በማጋጠሙ በአስቸኳይ ደረቱ ተከፍቶ ነው የተረፈው። ቫልቩ የተለየ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ቃል አቀባዩ በወቅቱ እንደገለጹት የቀዶ ሕክምና ቡድኑ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከወራት በኋላ ሲገለጥ

ፍሳሹ ሁልጊዜ እዚያው አይታወቅም፤ ወይም ይታወቅና ቀላል ነው ተብሎ ይታለፋል። ታማሚው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከወራት በኋላ እንደገና ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌሊት ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተኛት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል። አንዳንዴ ደም በጠባቡ ሽንቁር ሲያልፍ ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚቀደዱ የደም ማነስና የሽንት መጥቆር ይመጣል። ለቤተሰብ ይህ ከመጀመሪያው ሕመም ይልቅ ግራ የሚያጋባ ነው። «ቫልቩ ተቀይሮ የለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ያኔ ነው።

ሐኪሙ በዚህ ጊዜ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «ሁለተኛ ቫልቭ ይግባ ወይስ አይግባ?» የሚል አይደለም፤ «የመጀመሪያው ለምን አልሠራም?» የሚል ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ስህተት ያስከትላል። ክዳኖቹ ላይ የደም መርጋት ካለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሊያስተካክለው ይችላል። ቫልቩ በባክቴሪያ ከተበከለ በበሽታው ላይ ሌላ ባዕድ አካል መጨመር አደገኛ ነው፤ የሚቀድመው ፀረ ባክቴሪያ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ነው። ክዳኖቹ በዓመታት ብዛት አርጅተው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ዙሪያውን የሚፈሰው ደምም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ፍሳሹ የመጣው ቀሚሱ ቦታውን በመሳቱ ከሆነ ሁለተኛ ቫልቭ ይደፍነዋል። ቫልቩ በትክክለኛው ቦታ ተቀምጦ፣ ነገር ግን አንድ የካልሲየም ጉብታ ከግድግዳው አላስጠጋ ብሎት ከሆነ ሁለተኛው ቫልቭ ምንም አይፈይድም፤ ክፍተቱ ያለው ከመጀመሪያው ፍርግርግ ውጭ ነውና። እዚያ የሚያስፈልገው በካቴተር የሚገባ ትንሽ መድፈኛ ነው። ይህንን ለመለየት ጥሩ አልትራሳውንድና በትክክል የተነበበ ሲቲ ስካን የግድ ናቸው። ያለ እነሱ ሁለተኛ ቫልቭ መትከል በጨለማ ቁልፍ መፈለግ ነው።

ሁለተኛው ለምን ይከብዳል?

ሁለተኛው ቫልቭ ሲዘረጋ የመጀመሪያውን ክዳኖች ወደ ፍርግርጉ ገፍቶ ለዘለቄታው ክፍት ያደርጋቸዋል። ክዳኖቹ ከዚያ በኋላ እንደ ሸማ በፍርግርጉ ዙሪያ ተጠቅልለው ደም የማያሳልፍ ግድግዳ ይሆናሉ። ቀድሞ ክፍት የነበረው የፍርግርግ ክፍል ይዘጋል ማለት ነው። ይህ ግድግዳ ከኮሮናሪ ደም ቅዳዎች አፍ በላይ ከደረሰና አኦርታው እዚያ ላይ ጠባብ ከሆነ፣ ለልብ የሚደርሰው ደም በድንገት ይቋረጣል። ውጤቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሚከሰት የልብ ድካምና ሞት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከሁለተኛው ተከላ በፊት በሲቲ ስካን ላይ አንድ ስሌት ይሠራል። አዲሱ ቫልቭ ቢገባ በፍርግርጉና በአኦርታ ግድግዳ መካከል ስንት ሚሊሜትር ይቀራል? ከ2 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አደጋው ከፍተኛ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ረጅም ፍርግርግ ያለው የመጀመሪያ ቫልቭ ከፍ ያለ ግድግዳ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ለዛሬ የሚመረጠው ቫልቭ ለነገው ሕክምና በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል። የተሳሳተ አቀማመጥም እዚህ ላይ እንደገና ይመጣል። ከፍ ብሎ የተተከለ የመጀመሪያ ቫልቭ ግድግዳውንም አብሮ ከፍ ያደርገዋል።

መፍትሔ ፍለጋው ቀጥሏል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች ባሲሊካ የሚል ስም የሰጡትን ዘዴ ፈጥረዋል። በዚህ ዘዴ በካቴተር በገባ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ የአሮጌው ቫልቭ ክዳን ከመሐል ይሰነጠቃል፤ ደምም በስንጥቁ ያልፋል። በቀዶ ሕክምና በተተከሉ አሮጌ ቫልቮች ላይ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። በካቴተር በተተከለ ቫልቭ ውስጥ ሲሆን ግን የተሰነጠቀው ክዳን በፍርግርጉ ውስጥ ታፍኖ በደንብ ላይከፈት ይችላል።

መደራረብ ወይስ ማውጣት?

በ37 የሕክምና ማዕከላት ከተደረጉ 63,876 የካቴተር ቫልቭ ተከላዎች መካከል በድጋሚ በካቴተር የተተከለላቸው 212 ሰዎች ብቻ እንደነበሩ እአአ በ2020 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከእነዚህ 74ቱ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የተደገመላቸው ናቸው። እንዲህ ቶሎ መድገም የሚያስፈልገው ቫልቩ አርጅቶ ሊሆን ስለማይችል፣ ተመራማሪዎቹ የዚህ ቡድን ችግር በአብዛኛው ከመጀመሪያው ተከላ ጋር የተያያዘ ነው ብለው ወስደውታል። ከእነሱ 94.6 በመቶው ከ30 ቀናት በኋላ፣ 83.6 በመቶው ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ከዓመት በኋላ በተደገመላቸው ዘንድ ቁጥሩ 98.5 እና 88.3 በመቶ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ የወጣ ሌላ ጥናት፣ በፊኛ በሚሰፋ ቫልቭ የተደገመላቸውን 1,320 ሰዎች በሁኔታቸው ከሚመስሏቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተተከለላቸው ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። በ30 ቀናት ውስጥ የሞቱት 4.7 በመቶ በ4.0 በመቶ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 17.5 በመቶ በ19.0 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚበልጥ አልነበረም።

ሌላኛው መንገድ ደረትን ከፍቶ የመጀመሪያውን ቫልቭ ማውጣት ነው። ፍርግርጉ ከአኦርታ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ሥራው እጅግ ከባድ ነው። ቫልቩ የወጣላቸውን 269 ሰዎች የተመለከተ ዓለም አቀፍ መዝገብ በ30 ቀናት ውስጥ 13.1 በመቶ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 28.5 በመቶ እንደሞቱ አሳይቷል።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ስለዚህ መደራረብ ይሻላል» ማለት ግን ትክክል አይደለም። ለቀዶ ሕክምና የሚቀርቡት ብዙውን ጊዜ ቫልቫቸው የተበከለ ወይም የአካላቸው ቅርጽ ሁለተኛ ቫልቭ የማይቀበል፣ ከመነሻው የከፋ ችግር ያለባቸው ናቸው። ለሁለተኛ ካቴተር የሚመረጡት ደግሞ ሲቲ ስካናቸው «ይቻላል» ያለላቸው ናቸው። ከቁጥሮቹ በእርግጠኝነት የሚወሰደው ተገቢ ሰው ሲመረጥ መድገም አደጋው መጠነኛ መሆኑ ነው።

የዕድሜ ጉዳይም አለ። ለ85 ዓመት አዛውንት አንድ ቫልቭ ዕድሜ ልክ ሊበቃ ይችላል። በ60 ዓመቱ የተተከለለት ግን ሁለተኛ፣ ምናልባትም ሦስተኛ ያስፈልገዋል፤ ሦስት ፍርግርግ በአንድ ጠባብ ቀለበት ውስጥ ሲደራረብ ለደሙ የሚቀረው መንገድ ያንሳል። እአአ በ2020 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ከ65 ዓመት በታች ለሆኑ በአብዛኛው ቀዶ ሕክምናን የሚያስቀድመው፣ ከ80 ዓመት በላይ ለሆኑ ካቴተርን የሚመርጠው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በአፍሪካ ቀንድ

በአካባቢው ያለው የልብ ቫልቭ ሕመም መልኩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በሱዳን ወይም በኬንያ የቫልቭ ሕመም ሲባል ከእርጅና ይልቅ በሕፃንነት በቶንሲል ሕመም ጀምሮ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው በብዛት የሚገጥመው። ይህ ሕመም በዓለም ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያጠቃል። ታማሚዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚጎዳባቸው በግራው የልብ ክፍል በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ቫልቭ ነው። የአኦርታው ሲጎዳም ብዙ ጊዜ ያፈሳል እንጂ በካልሲየም አይደድርም። የካቴተር ቫልቭ ደግሞ ለመያዝ ካልሲየም ይፈልጋል። ለሀብታም አገር አዛውንት የተሠራው መሣሪያ በአንዲት የ20 ዓመት ወጣት ልብ ውስጥ ቦታውን የመሳት ዕድሉ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

ዋጋውም ሌላ ግድግዳ ነው። በአሜሪካ ቫልቩ ብቻውን 30 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣል፤ መድገም ማለት ያንን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የሚገኙ ተመራማሪዎች ካልሲየም ለሌለው የሩማቲክ ቫልቭ የሚሆን፣ ሲተከል የደምን ፍሰት የማያቋርጥና በራሱ ቦታውን የሚያገኝ መሣሪያ ለመሥራት ለዓመታት ሲደክሙ ቆይተዋል። በአዲስ አበባ የልብ ማዕከል ኢትዮጵያ ለሕፃናትና ለወጣቶች የልብ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። እአአ ከ2007 ጀምሮ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ታማሚዎችን በነጻ ያክም የነበረውን የካርቱሙን ሰላም የልብ ማዕከል ሥራ ደግሞ እአአ በ2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ክፉኛ አውኮታል።

ያም ሆኖ ጉዳዩ ለአካባቢው ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ብዙዎች አርጅተዋል፤ ወላጆቻቸውንም ለሕክምና ወደሚኖሩበት አገር የሚያስመጡ አሉ። ቫልቭ የተተከለለት አዛውንት ወደ አገሩ ሲመለስ የሚከታተለው ሐኪም የተከለው ሐኪም አይደለም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ትንሽ ካርድ ከፓስፖርት ባልተናነሰ መጠበቅ ይኖርበታል። ካርዱ ላይ የቫልቩ ዓይነት፣ ቁጥርና የተተከለበት ቀን ይገኛሉ። ከዚያ ጋር ከተከላው በኋላ የተነሳው የመጀመሪያው የልብ አልትራሳውንድ ውጤት መያያዝ አለበት፤ በኋላ ፍሳሽ ቢገኝ አዲስ ይሁን ነባር የሚለየው ከእሱ ጋር በማነጻጸር ነውና። ከጥርስ ነቀላና መሰል ሕክምና በፊት የጥርስ ሐኪሙ ስለ ቫልቩ ሊነገረው ይገባል፤ ከአፍ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ቫልቩን ሊበክለው ስለሚችል አስቀድሞ ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዛል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒትንም ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ አይገባም።

ትንፋሽ ማጠር ከተመለሰ የመጀመሪያው ምርመራ አልትራሳውንድ ነው፤ ይህም በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ይገኛል። ደም የሚሾልከው በክዳኖቹ መካከል ነው ወይስ በዳር? ቫልቩ ከቀለበቱ ስንት ሚሊሜትር ወርዷል? ሁለተኛ ቫልቭ ቢገባ ለኮሮናሪ ደም ቅዳዎች ስንት ሚሊሜትር ይቀራል? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልሰው ሲቲ ስካን ነው። ድጋሚ ተከላ የቀረበለት ታማሚ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለሐኪሙ ሊያቀርብ፣ ምስሉንም በሲዲ ተቀብሎ ለሌላ ሐኪም ሊያሳይ ይችላል።